ልጆቻችን ስፓይደርማንን ለምን ወደዱት?



ባለፈው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ፣ የተማሪዎችን ካርድ ለወላጆች በምናስረክብበት ዕለት፣ አንዲት እናት ተራቸውን ጠብቀው ወደ ጠረጴዛችን ቀረቡ። የሴት ልጃቸውን ካርድ ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ እንደ ሌሎቹ ወላጆች ፈርመው አልሄዱም። «የእሷስ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። እኔን ያስጨነቀኝ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ኡስታዝ» አሉን። የስምንት ዓመቱ ልጅ ስፓይደርማን ካልሆንኩ ብሎ ቤቱን አውኳል። ከቁም ሣጥን ላይ ወደ አልጋ ይዘላል፤ የእናቱን ሻርፕ ፊቱ ላይ ይጠመጥማል፤ ግድግዳው የእግሩ አሻራ ያልታየበት ቦታ የለውም። ቦርሳው ላይ፣ ካልሲው ላይ፣ የውኃ ኮዳው ላይ ሳይቀር ያ ቀይ ጭንብል አለ። «ቦርሳውን ልጣልበት? ቴሌቪዥኑን ልዝጋበት? ወይስ ልጅነት ነው ብዬ ዝም ልበል?» ሲሉ ጠየቁን።

እውነቱን ለመናገር አጭር መልስ በምላሳችን ጫፍ ላይ ነበር። «ይከልክሉት» ብለን ቀጣዩን ወላጅ መጥራት ይቻል ነበር። ነገር ግን የራሳችን ልጅነት ትዝ አለንና አፈርን። እኛም ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ልጆች ነን። ቁርኣናችንን ቤት በክብር አስቀምጠን ሳንቲም እየቆጠብን ወደ ሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሮጥንበት ጊዜ አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ያየናቸውን ጀግኖች ዛሬም አልረሳናቸውም። ስለዚህ ለእኒያ እናት «አንድ ሳምንት ይስጡን፤ አስበንበት እንነግርዎታለን» ብለን አሰናበትናቸው። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ሳምንት ነው።

ልጆቹ ምን አሉ?

በማግስቱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ቁራጭ ወረቀት እንዲያወጡ ነገርናቸው። «ስማችሁን አትጻፉ። የምትወዱትን የፊልም ጀግና ጻፉና ለምን እንደምትወዱት በአንድ መስመር ግለጹ» አልናቸው። ክፍሉ በደስታ ተናወጠ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሆኑንም ማንም አላስታወሰን።

ወረቀቶቹን ማታ ቤታችን ቁጭ ብለን ስናነብ የጠበቅነውን አገኘን። «ስለሚበር»፣ «ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ»፣ «ማንም ስለማያሸንፈው» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ያልጠበቅነውም ግን አብሮ መጣ። አንዱ «ተማሪ ስለሆነ» ብሏል። ሌላዋ «አክስቱን ስለሚወድ» ብላለች። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «የቤት ሥራውን ሳይሠራ ስለሚመጣ» ብሎ አስቆናል። አንዲት ወረቀት ላይ ግን በትንንሽ ፊደላት «የሚሰድቡትንም ሰዎች ስለሚያድን» የሚል ተጽፎ አገኘን። ይህችን ወረቀት ለብቻዋ አስቀመጥናት።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን መልሶች ስናስተያያቸው በሁለት ጎራ ተከፈሉልን። የመጀመሪያው ጎራ ስለ ኃይል ያወራል፤ ኃይል ደግሞ ያስደንቃል። ሁለተኛው ጎራ ስለ ሰውነት ያወራል፤ ሰውነት ደግሞ ያቀራርባል። ልጅ በሚያስደንቀው ነገር ዓይኑን ይጥላል፤ ልቡን የሚሰጠው ግን ለሚቀርበው ነው። ይህን ሐሳብ የጀግኖቹ የራሳቸው ታሪክ የሚያረጋግጠው ሆኖ ስላገኘነው ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን እንመልከት።

ምንም የማይበግረው ጀግና

ልዕለ ጀግና ወይም ሱፐር ሂሮ የሚባለው የተረት ዓይነት ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማን ከታተመ ወዲህ ነው። የፈጠሩት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ደራሲው ጄሪ ሲግል፣ ሠዓሊው ጆ ሹስተር ይባላሉ። ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ዓለምን ሁሉ በክንዱ የሚያነሳውን ጀግና የፈጠሩት እነዚህ ልጆች የባለቤትነት መብቱን ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። እነሱ በችግር ሲኖሩ ጀግናቸው ሌሎችን ሚሊየነር አደረገ። አሳታሚው ኩባንያ በየዓመቱ ጡረታ ሊከፍላቸውና ስማቸውን በሥራቸው ላይ ሊመልስ የተስማማው በ1975፣ ከ37 ዓመታት በኋላ ነው።

ሱፐርማን በመጀመሪያ ታሪኩ የሠራቸው ሥራዎች አስገራሚ ናቸው። በሐሰት ተፈርዶባት ልትገደል የነበረችን ሴት አዳነ፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ቤት ገብቶ እጁን ያዘ። ደካማን ከበዳይ የሚያስጥል ጉልበተኛ በድህነት ላደጉ ለእነዚያ ልጆች ምን ያህል የሚናፈቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ የሱፐርማን ጉልበት መጠን አጣ። ጥይት አይበሳውም፤ ባቡር ያቆማል፤ ይበራል። እንግዲህ ምንም የማይጎዳው ሰው አደጋ ላይ ወደቀ ሲባል ማን ይሰጋለታል? በ1943 በሬዲዮ ድራማው ውስጥ ክሪፕቶናይት የሚባል ጉልበቱን የሚያሳጣው ድንጋይ መጣ፤ በ1949 ደግሞ ወደ ሥዕል መጽሔቱ ገባ። አስተውሉ፤ ጀግናውን ለማዳን ደራሲዎቹ የጨመሩለት ሌላ ኃይል አይደለም፤ ድክመት ነው። ሰው የሚጨነቀው ሊወድቅ ለሚችል ሰው ነውና።

ቼኩን መመንዘር ያቃተው ጀግና

በ1962 ስታን ሊ የሚባል ደራሲና ስቲቭ ዲትኮ የሚባል ሠዓሊ ስፓይደርማንን ይዘው ብቅ አሉ። ስታን ሊ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው አሳታሚው ሐሳቡን አልወደደውም ነበር። ሰው ሸረሪት ይጠላል፤ ጎረምሳ ደግሞ የጀግና ረዳት እንጂ ራሱ ጀግና አይሆንም የሚል ምክንያት ነበረው። ስለዚህም ታሪኩ ሊዘጋ በተቃረበ «አሜዚንግ ፋንታሲ» በተባለ መጽሔት የመጨረሻ ዕትም፣ በቁጥር 15 ላይ ወጣ። አንባቢዎች ግን ወደዱት፤ በሚቀጥለው ዓመት በራሱ ስም መጽሔት ተከፈተለት።

ይህ ጀግና ማን ነበር? ፒተር ፓርከር የሚባል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር ከአጎቱና ከአክስቱ ጋር የሚኖር፣ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ መነጽራም ተማሪ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ ጓደኞቹ ግን ሲወጡ አይጠሩትም፤ ይስቁበታል። በሳይንስ ትርኢት ላይ ጨረር የነካት ሸረሪት ነክሳው ኃይል ካገኘ በኋላም ችግሩ አልተወውም። በ1963 በወጣው በራሱ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ አንድ ትዕይንት አለ። ፒተር ለአክስቱ የቤት ወጪ ገንዘብ አጥሮት ጭንብሉን አጥልቆ ትርኢት ያሳያል። አዘጋጁ በስፓይደርማን ስም ቼክ ይጽፍለታል። ባንክ ሲሄድ ግን ገንዘብ ከፋዩ መታወቂያ ጠየቀው። ስፓይደርማን የሚል መታወቂያ ከየት ይምጣ? ግድግዳ የሚወጣው ጀግና ባዶ እጁን ተመለሰ። መታወቂያ ጎድሎት ከመስኮት የተመለሰ የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ «ይህስ ወንድሜ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ጭንብሉም ቢሆን የራሱ ምሥጢር አለው። ዲትኮ የሣለው ጭንብል ፊትን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ቆዳ አይታይም። የየትኛውም ዘር ልጅ ከዚያ ጨርቅ ሥር ራሱን ማሰብ እንደሚችል ስታን ሊ በኋለኛ ዘመኑ ተናግሯል። በ2011 ማይልስ ሞራሌስ የሚባል አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ የሆነ ልጅ ስፓይደርማን ሆኖ ሲመጣ ይህ ነገር በተግባር ታየ።

ያሳለፈው ሌባ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ጀግናው ለምን እንደሚቀርበን ነው። ለምን እንደሚከበር ግን ገና አልተናገርንም። ድሃ መሆንና መሰደብ ብቻውን ሰውን ክቡር አያደርገውም።

ፒተር ኃይሉን ባገኘ ጊዜ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ሰው ማዳን አልነበረም። ከትግል ስፖርተኛ ጋር ተፋልሞ ሽልማት ወሰደ፤ በቴሌቪዥን ትርኢት አሳይቶ ዝና አተረፈ። አንድ ቀን በቴሌቪዥን ጣቢያው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሌባ በፖሊስ እየተባረረ በአጠገቡ ሮጦ አለፈ። እግሩን ዘርጋ ቢያደርግ ይጥለው ነበር። አላደረገም። ፖሊሱ ሲወቅሰው ይህ የእኔ ሥራ አይደለም በሚል ስሜት መለሰለት፤ ከእንግዲህ የማስበው ለራሴ ብቻ ነው አለ። ቀናት አለፉ። አንድ ምሽት ወደ ቤት ሲመለስ ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል፤ የሚወደው አጎቱ ቤት በገባ ሌባ ተገድሏል። ፒተር በንዴት ተከታትሎ ገዳዩን ያዘው። ፊቱን ሲያይ ግን ያ በመተላለፊያው ላይ ያሳለፈው ሰው ሆኖ አገኘው።

ኃይል ሲበዛ ኃላፊነትም አብሮ ይበዛል የሚለው የታሪኩ ፍሬ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጽሔቱ ላይ ይህን የሚናገረው የተራኪው ድምፅ ነው፤ በአጎቱ አፍ የተደረገው በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ፒተር ፓርከርን ጀግና ያደረገችው ሸረሪቷ አይደለችም። ሸረሪቷ ጉልበት ብቻ ሰጠችው፤ ጉልበቱንም ለከንቱ ነገር አዋለው። ጀግና ያደረገው ጥፋቱን በሌላ ሰው ሳያላክክ መሸከሙ፣ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ ያን በር ሌላ ጊዜ ክፍት ላለመተው መጣሩ ነው።

የእኛ መተላለፊያ

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ስንደርስ ብዕራችን ከበደን። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስንተርክ ድምፃችን ለምን እንደተሰበረ ልጆቹ አላወቁም፤ እናንተ ግን እወቁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አንደበቱ የሚንተባተብ ተማሪ ነበረን። በጽሑፍ ፈተና ከሁሉም የሚበልጥ፣ ቁሞ አንብብ ሲባል ግን ላብ የሚያጠምቀው ልጅ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ደብተር በብብታችን ይዘን በኮሪደሩ ስናልፍ ሦስት ልጆች ከግድግዳ ጋር አስጠግተውት አነጋገሩን እየቀዱ ሲሳለቁበት አየን። እሱም አየን። ዓይናችን ከዓይኑ ጋር ተገናኘ። እኛም «የዕለቱ ተረኛ መምህር እኔ አይደለሁም፤ ተረኛው ያየዋል» ብለን በልባችን አሰብንና አለፍን። እግራችንን ዘርጋ ማድረግ ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥፎ ነገር ያየ ሰው በእጁ እንዲለውጠው፣ ካልቻለ በአንደበቱ፣ ያንንም ካልቻለ በልቡ እንዲጠላው፣ ይህም የመጨረሻው ደካማ የኢማን ደረጃ መሆኑን ማስተማራቸውን ለስንት ተማሪ አስቀርተናል! ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ጌታቸው የምላሳቸውን ቋጠሮ እንዲፈታላቸው የለመኑበትን ሱረቱ ጣሃ ስንት ጊዜ ቀርተናል! ያን ልጅ ጠርተን «አይዞህ፤ ሙሳም እንዲህ ብለው ዱዓ አድርገዋል» ብንለው ምን ይጎድልብን ነበር? የእውቀት ሸክም ጀርባችን ላይ እያለ በመተላለፊያው ላይ ከፒተር ፓርከር አልተሻልንም።

እንግዲህ የጀግና ታሪክ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ጥሩ ታሪክ ልጁን «አንተም ትበራለህ» ብሎ አይዋሸውም። «አንተም በአንድ መተላለፊያ ላይ ትቆማለህ፤ ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ከጀግናው የምንወስደው

ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ያለ ምንም ልዩ ኃይል ማንም ልጅ ሊወስዳቸው የሚችላቸው ጠባዮች አሉ።

የመጀመሪያው ራስን መግዛት ነው። እውነተኛ ብርቱ ሰው በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠር መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ፒተርን የሚሳለቁበት የክፍሉ ልጆች በአንድ ቡጢ ሊያወድቃቸው እንደሚችል አያውቁም። እሱ ያውቃል፤ ግን አያደርገውም። መምታት የማይችል ልጅ ቢታገስ ምርጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ መምታት እየቻለ የሚታገስ ግን ጀግና ነው።

ሁለተኛው መልካም ሥራን መደበቅ ነው። ጭንብል የሚያጠልቅ ጀግና ምስጋናውን አይሰበስብም። እንዲያውም የስፓይደርማንን ስም አንድ የጋዜጣ ባለቤት በየቀኑ ያጠፋል፤ ሰዎችም ያምኑታል። እሱ ግን ሰው ማዳኑን አያቆምም። በእኛ ዘንድ ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ እስከማታውቅ ድረስ ሶደቃን መደበቅ ምን ያህል እንደተወደሰ የመድረሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቻችን መልካም የሠሩበትን ሁሉ በስልክ አንስተው በሚያሳዩበት በዛሬው ዘመን ይህ ጠባይ ከብረት ክንድ ይበልጥ ብርቅ ሆኗል።

ሦስተኛው ከውድቀት በኋላ መነሳት ነው። ፍጹም የሆነ ጀግና ልጁን ያስፈራዋል፤ «እኔ እንደዚህ አልሆንም» ያሰኘዋል። ተሳስቶ የተጸጸተ ጀግና ግን ለተሳሳተ ልጅ መንገድ ያሳየዋል።

ለሴት ልጆቻችንስ?

ያቺ «የሚሰድቡትንም ሰዎች ስለሚያድን» የምትል ወረቀት የሴት ልጅ ጽሕፈት ትመስል ነበር። ስለዚህ ለሴት ልጆቻችን አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። በ2013 በማርቭል መጽሔቶች ላይ ካማላ ኻን የምትባል ገጸ ባሕርይ ብቅ አለች፤ በ2014 ሚስ ማርቭል በሚል ስም የራሷ መጽሔት ተጀመረላት። ካማላ በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ የምትኖር፣ ቤተሰቦቿ ከፓኪስታን የመጡ የ16 ዓመት ሙስሊም ልጅ ናት። ደራሲዋ ጂ. ዊሎው ዊልሰን እስልምናን የተቀበለች አሜሪካዊት ናት፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ ሳና አማናት ራሷ የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቅጽ በ2015 ሁጎ የተባለውን የታወቀ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2022 ደግሞ በተከታታይ ፊልም ቀርቧል።

ካማላ ኃይል ስታገኝ መጀመሪያ የተመኘችው የምታደንቃትን ነጭ፣ ረጅምና ፀጉረ ወርቅ ጀግና መምሰል ነበር። መሰለችም። ግን ፀጉሩ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ ጫማው ያማታል፤ ሌላ ሰው መሆን አድካሚ ሆኖ አገኘችው። በዚያው ሌሊት ውኃ ውስጥ የወደቀች አንዲት ልጅ አየች። ልጅቷ የካማላን ሃይማኖትና ባሕል በጣፋጭ ቃላት እየሸፈነች የምታናንቃት ዞዪ ናት። በዚያች ቅጽበት ካማላ ትዝ ያላት አባቷ በቴሌቪዥን ክፉ ዜና ሲመጣ የሚያነቡት የቁርኣን አንቀጽ ነው፤ አንዲትን ነፍስ ያዳነ የሰው ልጆችን በሙሉ እንዳዳነ የሚናገረው። አዳነቻት።

በሌላ ቁጥር ላይ ወላጆቿ ስለ ማምሸቷ ተጨንቀው ወደ መስጊዱ ሼኽ ይልኳታል። ተግሳጽ ጠብቃ ነበር። ሼኹ ግን ሰዎችን የምትረዳ ከሆነ ይህንኑ ለጨዋ ወጣት በሚገባው ድፍረት፣ ሐቀኝነትና ርኅራኄ እንድታደርገው፣ አስተማሪም እንድትፈልግ ይመክሯታል። እኛ መምህራን ይህን ገጽ ብናነበው አንጎዳም።

ይህች በወረቀት ላይ የተሣለች ልጅ ለእውነተኛ ሙስሊሞችም ጋሻ የሆነችበት ጊዜ አለ። በ2015 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አውቶቡሶች ላይ ሙስሊሞችን የሚያጠለሹ ማስታወቂያዎች ተለጥፈው ሳለ፣ የጎዳና ሠዓሊዎች በላያቸው ላይ የካማላን ሥዕል ለጥፈው የጥላቻውን ቃል ሸፈኑት።

ሆኖም ካማላ የምታደርገው ሁሉ ለቤታችን ይሆናል ማለታችን አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ተከልክላ ሳለ በመስኮት ወጥታ ወደ ድግስ ስትሄድ ነው። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ልጅቷን ከስህተት ነፃ ላለማድረግ ይመስለናል። አብራችሁ ብታነቡት ግን ከሴት ልጃችሁ ጋር ለመነጋገር ጥሩ በር ይከፍታል።

ለወላጆች

ከእነዚህ ታሪኮች የምንጠነቀቅበት ነገር የለም አንልም። ብዙዎቹ ፊልሞች ችግርን ሁሉ በቡጢ ይፈታሉ፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ጸብ የሚበርደው በሽማግሌ፣ በእርቅ፣ በሕግ ነው። ጀግናው ሁልጊዜ ብቻውን ነው፤ በእኛ ኑሮ ግን የተቸገረ ልጅ ለወላጁና ለመምህሩ እንዲነግር እንጂ ብቻውን እንዲጋፈጥ አንፈልግም። ከሁሉም በላይ እነዚህ ልብ ወለዶች መሆናቸውን፣ ኃይል ሁሉ የአላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን፣ የነቢያትና የሶሓቦች ሕይወት ግን እውነተኛ ታሪክ መሆኑን ልጁ በግልጽ ይወቅ።

ይህን ካስቀደማችሁ በኋላ ፊልሙ ሲያልቅ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት። ጀግናው ኃይሉ ባይኖረው ኖሮ ከሠራው መልካም ነገር የትኛውን ማድረግ ይችል ነበር? የት ላይ ተሳሳተ፣ ከዚያስ ምን አደረገ? አንተ ነገ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ልታደርግ ትችላለህ? መልሱን ጠብቁ እንጂ አትመልሱለት።

ለእኒያ እናት ይህንኑ ነገርናቸው። «ከቁም ሣጥን ላይ መዝለሉን ይከልክሉት፤ አጥንት ይሰበራል። ቦርሳውን ግን አይጣሉበት። አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና ያ ልጅ ለምን ሌባውን እንዳሳለፈ ይጠይቁት» አልናቸው። ፈገግ ብለው «እኔስ የጋዜጣውን ሰውዬ ነው የማልወደው» አሉን። ለካስ እሳቸውም ሲያዩ ኖረዋል!

እኛም የቀረን ዕዳ ነበርና በዚያው ሳምንት ያን የሚንተባተብ ልጅ አጠያይቀን አገኘነው። ዛሬ ጎርምሷል፤ በአንድ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይሸጣል። ደንበኛ እስኪወጣ ደጅ ላይ ጠበቅንና ገባን። «በዚያ ቀን አይተንህ አለፍን፤ አውፍ በለን» አልነው። ቀኑን ረስቶት ይሆናል ብለን ነበር። አልረሳውም። ረጅም ጊዜ ፈጅቶበት፣ እያንዳንዱን ፊደል እየታገለ፣ «ች... ችግር የለም፣ ቲቸር» አለን። ከዚያም ወንበር አውጥቶ አስቀመጠን፤ ሻይ አዘዘልን።

ትምህርቱን በማታ ክፍለ ጊዜ እንዲቀጥል ለምነነዋል፤ አስብበታለሁ ብሎናል። ይቀጥል አይቀጥል ገና አላወቅንም። የምናውቀው ነገር ቢኖር በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያጠፋን ሰው ተቀብሎ ሻይ የጋበዘው ጀግና ማን እንደነበረ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእረፍት ሰዓት ተረኛ ሆንም አልሆንም በኮሪደሩ ቀስ ብለን እንሄዳለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን ጉልበት፣ እውቀትና አንደበት ለሚገባው ቦታ የምናውል ያድርገን። በሚቀጥለው ወር እስከምንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።